ቡቺና የፋሲካው ወጥ

ቡቺ ስድስት ዓመት ሙሉ የእኛን ትርፍራፊ በልቶ ነው የኖረው። ጾም ሲሆን እንጀራ በሽሮ፣ ሲፈሰክ እንጀራ በወጥ። የሰፈራችን ውሻ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያድገው፤ እኔም ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር።

የዛሬ ዓመት በፋሲካ ማግስት እማዬ ድስቱ ውስጥ የቀረውን ወጥ በእንጀራ ፈትፍታ ሰጠችው። ጥርግ አድርጎ በላ። በአራተኛው ቀን ቆራሌው በራችን ላይ ቆሞ ሲጣራ ቡቺ አልጮኸም። ያኔ ደነገጥኩ። ቆራሌ ገና ከመንገዱ ማዶ ሲሰማ ግቢውን የሚያናውጥ ውሻ ነው። ስጠራው ጭራውን ብቻ ነቅነቅ አደረገ። ተነስቶ ሲሸና ደግሞ ሽንቱ ጠቆር ያለ ሻይ ይመስላል።

ሐኪሙ መጀመሪያ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ድዱን አየ። ነጭ ሆኗል።

«ምን አብልታችሁት ነው?»

«ዶሮ ወጥ።»

ደሙን ከመረመረ በኋላ ነገሩን አስረዳኝ። ሽንኩርት የውሻንም የድመትንም ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው ነው። ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ብዙ ሰው ከምግቡ ጋር አያገናኘውም። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 300 ግራም ሽንኩርት ሊጎዳው ይችላል፤ 4 ኪሎ ለምትመዝን ድመት ግን 20 ግራሙም ይበቃል። ቢበስልም መርዙ አይጠፋም። እንዲያውም ቁሌቱ ውሃው መጥጦ ስለሚያልቅ አንድ ጭልፋ ወጥ ስንት ራስ ሽንኩርት እንደያዘ አስቡት።

ማርከሻ የለውም። ግሉኮስ ተደርጎለት፣ እየተመላለስን ደሙን እያስመረመርን፣ ወደ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ዳነ።

ከባዱ እማዬን ማሳመን ነበር። «ስድስት ዓመት የበላው ዛሬ ነው መርዝ የሆነበት?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው፤ እኔም ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ትንሽ ትንሽ ሲሆን ሰውነቱ የጎደለውን ደም እየተካ ይቋቋማል፤ በአንዴ ሲበዛ ግን ያቅተዋል። ትንሹም ቢሆን በየቀኑ ሲደጋገም ይጎዳል። ለካ ሁዳዴን በሙሉ የበላው ሽሮም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነበረበት።

አሁን አንዲት ትንሽ ድስት የቡቺ ሆናለች። ዶሮ ሲሠራ አንገቱና ቆዳው ቁሌት ሳይነካው ይለይለታል። ያለ ጨውና ያለ በርበሬ በሩዝ እንቀቅለዋለን፤ አጥንቱን እናወጣለን፤ የበሰለ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሆነ አንጀት ይበሳል። ባዶ እንጀራ ችግር የለውም። በጾም ወቅት እማዬ ራሷ እንቁላል ትቀቅልለታለች፤ «እንስሳ ምን ጾም አለበት» እያለች።

ከሉካንዳ ሳንባ የምትገዙ ካላችሁ እባካችሁ በደንብ ቀቅሉት። ጥሬ ሳንባና ጉበት ውስጥ የትል ከረጢት ሊኖር ይችላል። ውሻው ያንን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ፣ በእጅና በምግብ በኩል ወደ ሰው ይገባል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የትል መድኃኒቱን ሐኪም እየጠየቃችሁ በየጊዜው ስጡት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በየዓመቱ አስከትቡት።

እሑድ እሑድ ፀጉሩን ስቦርሸው ከንፈሩን ገለጥ አደርጋለሁ። ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው። በጣት ጫን ብዬ ስለቀው ይነጣል፤ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ቀለሙ ይመለሳል።