መታወቂያ የማይጠየቅበት ጥቁር ሕንፃ

ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ የሜትሮ መስመር ተሳፍሬ ዋሽንግተን መሀል ጋለሪ ፕሌስ ወረድኩ። ከጣቢያው ብቅ ሲሉ የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ማዕዘኑ ላይ ተገትሯል። ጥቁር ብረት፣ ጠቆር ያለ መስታወት፣ ቀጥ ያለ መስመር። ጌጥ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እውነቱን ለመናገር ከውጭ ሲያዩት የኢንሹራንስ ቢሮ ነው የሚመስለው።

የነደፈው ሚስ ቫን ደር ሮ ነው፤ ጀርመን ተወልዶ ቺካጎ የኖረው የዘመናዊ ሥነ ሕንፃ አንጋፋ። ሕንፃው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። እሱ በ1969 ስላረፈ አላየውም።

በር ላይ እንደ አገር ቤት መሰለኝና መታወቂያ ላወጣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። የጠየቀኝ የለም። ዝም ብሎ መግባት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሠዓሊ ዶን ሚለር የኪንግን ሕይወት የሣለበት ረጅም ሥዕል አለ። እኔን የያዘኝ ግን ደረጃው ነው። ሕንፃው እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በቅርስነት ስለተመዘገበ መልኩን እንደ ልብ መቀየር አይቻልም። ስለዚህ ከ2017 እስከ 2020 ተዘግቶ ሲታደስ የሆላንዱ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ሜካኖ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ከውስጥ ነው። በጡብ ግድግዳ ተዘግቶ የነበረው ደረጃ ተከፍቶ፣ ሰፍቶና ጎብጦ ብርሃን ገባበት። ሚስ ይህን ጉብጠት ቢያይ ደስ የሚለው አይመስለኝም። እኔ ግን ሊፍቱን ረሳሁት።

ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ትቼ ሰው ሳይ ዋልኩ። ልጆች ክፍላቸው ውስጥ በሸርተቴ ይወርዳሉ። ሌላ ቦታ ስሪዲ ፕሪንተር፣ የድምፅ መቅረጫ ስቱዲዮ፣ ሲንጀር ሳይቀር አለ፤ ሁሉም በነፃ። ሻንጣውን እግሩ ሥር ያደረገ ሰውዬ ጋዜጣ ዘርግቷል። የከተማው ቤተ መጻሕፍት ቤት ለሌላቸው ሰዎች ሲል የማኅበራዊ ሠራተኛ ቀጥሯል። መጽሐፍ ቤት እዚህ ድረስ ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያረፍኩባት አክስቴ እንኳ "ፎርም ካስቸገረህ እዚያ ሂድ" ነበር ያለችኝ። አልተሳሳተችም፤ ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

በእድሳቱ የተጨመረው አምስተኛ ፎቅ ላይ የጣሪያ አትክልት ቦታ አለ። ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። ግማሹ ሰው መጽሐፍም አልያዘ፤ ፀሐይ ሊሞቅ ነው የወጣው።