ፍልፈሉና ስልኬ

ባሕር ዳር ፎቶ አንሺን የምታስቸግር ከተማ አይደለችም። ፔሊካኖቹ ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉትን ትርፍራፊ ሲጠባበቁ እግራችን ሥር ቆመው ይነሣሉ። ጉማሬም ቢሆን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ትዕግሥት ላለው ሰው ጆሮውን ብቅ ማድረጉ አይቀርም። እኔ ግን ይህን ሁሉ ትቼ በሕይወት ያለ ፍልፈል ካላነሣሁ ብዬ ሙጭጭ አልሁ።

ፍልፈልን የማያውቅ የለም፤ ያየው ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ቁልል አፈሩን ነው። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደግሞ የሚመጣልኝ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋው፣ የምድር ትል የሚበላው የፈረንጅ አገሩ ነው፤ እሱ አፍሪካን ረግጧት አያውቅም። የእኛው ከአይጥ ወገን ነው። የሚበላው ሥራ ሥር፣ የሚቆፍረውም በጥርሱ ነው። የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ውጭ ስለበቀሉ አፉን ግጥም አድርጎ ዘግቶ ይቆፍራል፤ አፈር አይቅምም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፍልፈልም ከዚሁ ከጣና ሰሜን፣ ከደንቢያ የተገኘ ነው። እንግዲህ የአገር ልጅ ነውና አያሳፍረኝም ብዬ ዘንዘልማ ወዳለው አጎቴ ዘንድ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ፍልፈል ፎቶ ላነሣ ነው የመጣሁት» አልኋቸው።

አጎቴ ዶማቸውን ተደግፈው ትንሽ አሰቡና፣ «ድንቼን የጨረሰው እሱ ነው። ፎቶው ከወጣ ለፖሊስ ትሰጥልኛለህ?» አሉኝ።

ዘዴውን ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። የደረቀውንና የነጣውን ቁልል ትተህ ጠቆር ያለውን፣ እርጥቡን ፈልግ። ጉድጓዱን ክፈትበት። ፍልፈል ነፋስና ብርሃን አይወድም፤ ሊደፍነው ይመጣል። ቀላል ይመስላል። ከድንቹ መደብ መካከል በሆዴ ተኝቼ ስልኬን ደግኜ ጠበቅሁ። አይመጣም። ለካ ዓይኑ ደካማ ይሁን እንጂ የመሬቱን ንቅናቄ ይሰማል፤ እኔ ክንዴን ባመቻቸሁ ቁጥር እሱ ባለበት ይቆማል።

መሬት ላይ የተዘረጋ ጎልማሳ ደግሞ ዘንዘልማ ውስጥ ተሰውሮ አይቀርም። የመጀመሪያው መንገደኛ «ምን ጠፋብህ?» አለኝ። ሁለተኛው አልጠየቀም፤ አጥር ተደግፎ ማየት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ የተቀበረ ወርቅ የሚያሳይ ስልክ ከባሕር ዳር አምጥቷል መባሉን ከአጎቴ ሚስት ሰማሁ። አንድ እረኛ ልጅ ደግሞ በወጥመድ የተያዘ ፍልፈል በጅራቱ አንጠልጥሎ መጣ።

«የሞተ ነው የምፈልገው አላልሁም እኮ» አልሁት።

«የሞተው ይሻላል፤ አይነቃነቅም» አለኝ። ለፎቶ አንሺ የሚሰጥ ምክር ነው፣ ምን ይባላል።

ባሌ ያሉት ፎቶ አንሺዎች በዚያ ሰዓት እንዴት እንዳስቀኑኝ! ሳነቴ አምባ ላይ ያለው ትልቁ ፍልፈል ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ አውጥቶ ሣር ይሰበስባል። ቀይ ቀበሮውም ይህን ስለሚያውቅ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ይጠብቀዋል። እኔ ቀይ ቀበሮ አይደለሁም፤ ወገቤም አልቻለውም።

በመጨረሻ ሌላ መላ መጣልኝ። ቪዲዮውን ከፍቼ ስልኩን ከጉድጓዱ አፍ በድንጋይ አስደግፌ አስቀመጥሁትና ቡና ወደሚጠጣበት ገባሁ። አቦል ጠጣሁ። ቶናውን ጨርሼ ስመለስ ጉድጓዱ የለም። ድንጋዩም የለም። ስልኬም የለም። ያለው እርጥብ፣ አዲስ፣ በሚገባ የተጠቀጠቀ አፈር ብቻ ነው።

«እትዬ፣ በስልክዎ ይደውሉልኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

የአጎቴ ሚስት ደወሉ። የስልኬ መጥሪያ መዝሙር ነው። ከድንቹ መደብ ሥር፣ እየታፈነ፣ ዝማሬው መሰማት ጀመረ። ለቡና የመጡት ጎረቤት አሮጊት ነጠላቸውን ሰብስበው «በስመ አብ ወወልድ!» እያሉ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የአጎቴ ሚስት ስልኩን ከጆሯቸው ሳያነሡ፣ «ይጠራል፤ አያነሣም» አሉኝ። አጎቴ ዶማቸውን ይዘው መጡ፤ እኔ ግን ስልኩ እንዳይሰበር ፈርቼ በእጄ ጫርሁ። ድንች ወጣ። ሌላ ድንች ወጣ። መዝሙሩ ሁለት ጊዜ ከተዘመረ በኋላ ስልኩ ወጣ።

ቪዲዮው ተቀርጿል! ብዙውን ጊዜ የሚታየው የብርሃን ጨረርና አንድ ጉንዳን ነው። ከዚያ አፈር ይንከባለላል፣ አጫጭር ጢሞች ይነቃነቃሉ፣ ሁለት ረጃጅም ብርቱካናማ ጥርሶች ማያ ገጹን ይሞሉታል። ወዲያው ጨለማ ነው። ቀሪው ድምፅ ብቻ፤ መፋቅ፣ መግፋት፣ መደልደል፤ የእትዬ ጥሪ እስኪያቋርጠው ድረስ።

ጥርሶቹ የታዩበትን ምስል ቆርጬ አወጣሁና በደስታ ለቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ላክሁት። ማብራሪያ አልጻፍሁም፤ ራሱ ይናገራል ብዬ። ቀድማ የመለሰችልኝ እናቴ ናት።

«ልጄ፣ ይህን ያህል እስኪሆን ምን ትጠብቃለህ? ነገ ጠዋት ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።»