ከመናኸሪያ በፊት ሆስፒታል

ቤተሰብ ሲለምን ከርሞ ጠጪው በመጨረሻ እሺ ይላል። አዲስ አበባ ማገገሚያ ማዕከል ቦታ ተገኝቷል፣ ልብሱ ታጥፏል፣ ጠርሙሱ ተደብቋል፤ ንጋት ላይ ደሴ መናኸሪያ። ይህ ዕቅድ ሰው ሊገድል ይችላል።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል፤ አንጎል ደግሞ ያንን ለመቋቋም ዓመታት ሙሉ ራሱን ሲያነቃ ይኖራል። መጠጡ በድንገት ሲነሳ መነቃቃቱ ያለ ልጓም ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን እጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስ ይመጣል። የሚጥለው መንዘፍዘፍ የሚመጣው በአብዛኛው ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማታ ያቆመ ሰው በጣም አደገኛውን ጊዜ ከሚሴና ደብረ ሲና መካከል፣ አውቶቡስ ውስጥ ያሳልፈዋል ማለት ነው። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ መቃዠት፣ ትኩሳት ሊከተል ይችላል። ጎረቤት «ዛር ነው» ይላል። አይደለም፤ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጥ ህመም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት የሐኪም ነው። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና ክፍል አለው፤ ከኮምቦልቻ መውጣቱም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐኪም ሳያየው መጠጡን በአንድ ጊዜ አትንጠቁት። ስትሄዱ በቀን ስንት እንደሚጠጣ (አረቄ ከሆነ በመለኪያ ቆጥራችሁ)፣ መጨረሻ የጠጣው ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ትራማዶል (የህመም ማስታገሻ ኪኒን) ይወስድ እንደሆነ ተናገሩ። ከሁሉ በላይ «ከዚህ በፊት ሲያቆም ጥሎት ያውቃል?» ለሚለው እውነቱን መልሱ። አንዴ የጣለው ሰው ደግሞ የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ዲያዜፓም (የሚያረጋጋ መድኃኒት) እና ቲያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ነው። ዲያዜፓሙን ከአረቄ ጋር መቀላቀል ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ኪኒኑን የሚይዘው ቤተሰብ ይሁን።

ጸበል የሚወስዱትንም አንከለክልም። ግን ምግብ ከተወ የሰነበተ ጠጪ ባዶ ሆዱን ሱባኤ ሲገባ የቲያሚን እጥረቱ ይብስና አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ይብላ።

ማዕከሉን ስትመርጡ የቆይታውን ርዝመት ጠይቁ። ከ3 ወር በታች የሆነ ቆይታ ውጤቱ ውስን ነው። ወሎ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ፦ ጫትን እንደ ሱስ ይቆጥሩታል? ጫት ማቆም እንደ አልኮል አይጥልም። ድካም፣ መደበት፣ የሚያስፈራ ህልም አለው፣ ያልፋል። ችግሩ ሌላ ነው። መጠጥ ትቶ በርጫ (ጫት መቃም) የቀጠለ ሰው ምርቃናው እንቅልፍ ሲነሳው ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን የሚሰብርለት መጠጥ፣ ይፈልጋል፤ ጨብሲው ደግሞ ያው አረቄ ነው። ተመልሶ ሲመጣ የቤቱ ረከቦት ለቡና ይቀመጥ፣ የጫት መቀመጫው ፍራሽ ግን ይነሳ። የክትትል ቀጠሮውንም ከማዕከሉ ሳይወጣ ደሴ ላይ ያዙለት።