የእማማ ፍቅርተ 800 ብር

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ «ኮምፒውተር ያውቃል» መባሌ ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል። የእድራችን ዳኛ የ64 አባላት ደብተር ይዘው መጡና «ስሙን በፊደል ተራ አሰልፍልን፤ የወሩን 100 ብር የከፈለና ያልከፈለም ይለይ» አሉኝ። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፣ እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የስሞቹን ዝርዝር ፕሪንት (አትም) ቅንፍ ውስጥ አስገብቼ እዚያው ሶርት (ደርድር) አልኩት። ከርዕሱ በታች በእንግሊዝኛ ፊደል አንዲት ቃል ብቻ ታትማ ወጣች፦ ነን። ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «እኮ ማን ነን?» አሉ።

የፓይተን ሶርት ዝርዝሩን እዚያው ባለበት ይደረድርና ባዶ እጁን ይመለሳል፣ «ነን» ማለቱም «ምንም» ማለቱ ነው፤ የተደረደረ ቅጂ የሚሰጠው ሶርትድ ነው። ዋናው መለወጡ እንዳይዘነጋ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የሌላው ቋንቋ፣ የጃቫስክሪፕቱ፣ ሶርት ግን ዋናውንም ይለውጣል፣ ያንኑ መልሶም ያቀብላል፤ ቅጂ የሚሰጠው ቱሶርትድ የመጣው ገና በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። ቀን በአንዱ ማታ በሌላው የሚሠራ ሰው «ነን» ማተሙ አይቀርም። ቢሆንም የፓይተኑን እመርጣለሁ፤ ማዋረዱ ካልቀረ ቶሎ ያዋርዳል።

ቀስ ብሎ የሚያዋርደው ፍለጋው ነው። ጽሑፍ ውስጥ ፋይንድ የሚባለው ትእዛዝ የፈለገውን ሲያጣ -1 ይመልሳል፣ ኢንዴክስ የሚባለው ሲያጣ ቫልዩ ኤረር የሚል ስሕተት ጮኾ ይቆማል። ዝርዝር ላይ ኢንዴክስ አለ፣ ፋይንድ የለም። ዲክሽነሪን (በስም ጠይቀው የስሙን መረጃ የሚያወጡበትን መዝገብ) በጌት ከጠየቁት ነን ይላል፣ በማዕዘን ቅንፍ ከጠየቁት ኪ ኤረር ብሎ ይቆማል። አንድ ቤት፣ አራት ዓይነት «የለም»! እኔ ደግሞ ለዝርዝር ፋይንድ መጉደሉ ቆጭቶኝ የራሴን ጻፍኩ፤ የጽሑፉን ፋይንድ እንዲመስል ሲያጣ -1 እንዲመልስ አደረግሁት። በፓይተን -1 ግን ትክክለኛ አድራሻ ነው፤ የዝርዝሩ የመጨረሻ ሰው።

የእድራችን የመጨረሻ ሰው እማማ ፍቅርተ ናቸው።

ፕሮግራሜ የየደረሰኙን ስም በዚያ ፋይንድ ከመዝገቡ ይፈልጋል። ደረሰኙ ላይ ግን «ኃይሉ»፣ መዝገቡ ላይ «ሀይሉ»። አንዱ ጋ «ፀጋዬ»፣ ሌላው ጋ «ጸጋዬ»። ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ኮምፒውተር ፊደላትን በሚቆጥርበት በዩኒኮድ ግን ለየብቻ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው፣ ኤንኤፍሲ የሚባለው ማስተካከያም አያስታርቃቸውም። እንዲህ 7 ከፋዮች ጠፉ፤ የ7ቱም መቶ መቶ ብር እማማ ፍቅርተ ላይ ተደመረ። ኮሚናሉ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት እማማ 800 ብር ከፍለዋል፣ ጋሽ ኃይሉ ውዝፍ አለባቸው። ጋሽ ኃይሉ ደረሰኛቸውን እያውለበለቡ አራተኛ ፎቅ ድረስ መጡ። እማማ ደግሞ «ተጽፎልኛል፣ እስከ ሰባት ወር እንዳትጠይቁኝ» ብለው በራቸውን ዘጉ።

የራሴን ፋይንድ ደመሰስኩት። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው፣ ሃንም ወደ ሀ ፊደል በፊደል በሚተካው በትራንስሌት መለስኩ፤ ይህን በመዝገቡም በደረሰኙም ላይ። ከዚያ ዝርዝሩን ትቼ ዲክሽነሪ፣ ያውም በማዕዘን ቅንፍ፤ ያጣ ጊዜ ይጩህ።

እሑድ ዳኛው ፊት አስነሣሁት። 31ኛው ደረሰኝ ላይ ቀጥ አለ፦ ኪ ኤረር፣ «ሚካዔል»። ዐይኑን ዐ ከነእርባታው ወደ አ መመለሱን ረስቼዋለሁ።

«ደግሞ ተበላሸ?» አሉ።

«ኧረ ዳኛ፣ ገና አሁን መሥራት ጀመረ!»

ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ከትተው ወጡ።