«ኔጋቲቭ» ብዬ የጻፍሁት ሴረም

ነገሩ የሆነው በግንቦት ወር ነው። ድሬዳዋ በግንቦት ምን እንደምትመስል ለሚያውቅ ሰው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ የላቦራቶሪያችን ግድግዳ ራሱ ሙቀት ይተፋል። በዚያ ሙቀት ውስጥ፣ ትኩሳት ይዟቸው ከሚመጡ ሕፃናት ለአንድ ጥናት የሚሰበሰበውን ደም እንመረምር ነበር። የጥናቱ ጥያቄ በዚህች ከተማ ለሚሠራ ባለሙያ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ የልጁ ትኩሳት ከባክቴሪያ የመጣ ነው ወይስ ከሌላ? እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ከምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ ድሬዳዋን ስላጠቋት፣ እዚህ ትኩሳት አንድ ትርጉም ብቻ ያለው ምልክት ሊሆን አይችልም።

ለዚህ ጥያቄ ከተመረጡት መለኪያዎች አንዱ ሲአርፒ የተባለው ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1930 ያገኙት በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም ተመራማሪዎች የነበሩት ዊልያም ቲሌት እና ቶማስ ፍራንሲስ ሲሆኑ፣ በሳንባ ምች የታመሙ ሰዎች ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) «ሲ» ከተባለው የኒሞኮከስ ባክቴሪያ ክፍል ጋር ሲቀላቀል እንደሚያዘቅጥ በማየታቸው ስሙ ከዚያው ፊደል ወጣ። የሚሠራው በጉበት ነው። ባክቴሪያ ወደ ሰውነት ሲገባ የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሊዩኪን 6 የተባለውን መልእክተኛ ወደ ደም ይለቃሉ፤ ጉበትም መልእክቱን ሲቀበል ሲአርፒን በብዛት ማምረት ይጀምራል። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ብቻ የነበረው ፕሮቲን፣ ብግነቱ ከጀመረ ከስድስት ሰዓት ገደማ በኋላ መጨመሩ ይታያል፤ በሁለት ቀን ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ በከባድ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ጊዜም ከ100 አልፎ እስከ ብዙ መቶ ሚሊግራም ሊወጣ ይችላል። ወባም ከፍ ስለሚያደርገው ብቻውን ፈራጅ መሆን አይችልም፤ ቢሆንም ዝቅ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙን በጣም ይረዳዋል ብለን እናምን ነበር። የእኔም ስህተት ጉዳት ያደረሰው በዚሁ እምነት በኩል ነው።

የምንጠቀምበት ዘዴ የላቴክስ ምርመራ ነው። አንድ ጠብታ ሴረም በስላይዱ ክብ ውስጥ ይደረግና ሲአርፒን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን፣ ማለትም በሲአርፒ አንቲቦዲ፣ የተለበጡ ላቴክስ የተባሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ይጨመሩበታል፤ ስላይዱን ለሁለት ደቂቃ እያዞሩ ማየት ነው። ቅንጣቶቹ ተያይዘው ጓል ከሠሩ ፖዘቲቭ፣ እንደ ወተት ለስልሰው ከቀሩ ኔጋቲቭ ነው። የእኛ ኪት (ተዘጋጅቶ የሚመጣው የምርመራ ዕቃ) ከ6 ሚሊግራም በሊትር ጀምሮ ያሳያል። በድሬዳዋ ሙቀት ትልቁ ሥጋታችን ጠብታው ከዳር በኩል መድረቁ ነበር፤ የደረቀ ጠብታ ጓል የሠራ መስሎ በሐሰት ፖዘቲቭ ያሰኛል። ስለዚህ እያላበን የጣሪያውን ማራገቢያ አጥፍተን እንሠራ ነበር፤ እኔም ከጠብታው ዳር የሚታይን ደቃቅ ሻካራነት «ድርቀት ነው» ብዬ ለማለፍ ዓይኔን አስለምጄው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሕፃናት ክፍል አንዲት ሲስተር በእጇ ውጤት ይዛ መጣች። ውጤቱ የአንድ የሦስት ዓመት ልጅ ነው። «ወንድሜ፣ ይህን ናሙና ከሌላ ልጅ ጋር አቀያይረኸው ይሆን?» አለችኝ። ልጁ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ተኝቷል፤ የነጭ ደም ሴሎቹ ቁጥር በጣም ከፍ ብሏል፤ የወባ ምርመራው ንጹሕ ነው፤ የእኔ ወረቀት ግን ሲአርፒ ኔጋቲቭ ይላል። ሐኪሙ ልጁን አይቶ መድኃኒቱን አስቀድሞ ጀምሮለት ስለነበር ሲስተር የመጣችው ለማረጋገጥ ብቻ ነበር። መለያ ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁ፤ ትክክል ነው። ሴረሙን አውጥቼ በፊቷ ደገምሁት፤ አሁንም ኔጋቲቭ ሆነ። ከኪቱ ጋር የሚመጡት ሁለቱ ኮንትሮሎችም (ውጤታቸው አስቀድሞ የታወቀ ማነጻጸሪያ ናሙናዎች)፣ ፖዘቲቩ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቩም ኔጋቲቭ ሆነው እንደሚገባቸው ወጡ። ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ይበልጥ ደነደነና ምርመራው ምንም ችግር እንደሌለበት አስረድቼ ሸኘኋት።

ያን ሁሉ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሆነው ሲሰሙ የነበሩት በላቦራቶሪያችን በዕድሜም በሥራም ቀዳሚ የሆኑት ባልደረባችን ናቸው። ሲስተር ከወጣች በኋላ ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠግተው «ልጄ፣ ሴረሟን አቅጥነሃታል?» አሉኝ። «ኔጋቲቭ የሆነን ሴረም ለምን አቀጥናለሁ ጋሼ? ባቀጠንሁት ቁጥር ይብሱን ይጠፋል» አልሁ። እርሳቸው ግን በብሩሴላና በቂጥኝ ምርመራ ላይ፣ በጣም ብዙ አንቲቦዲ ያለበት ሴረም ሳይቀጥን ኔጋቲቭ መስሎ ሲቀር፣ ሲቀጥን ግን ፖዘቲቭ ሲሆን ማየታቸውን ነገሩኝና «ሞክራት» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በኖርማል ሳላይን (በጨው ውኃ) 1 ለ 2፣ 1 ለ 4፣ 1 ለ 8 እያልሁ አቀጠንሁ። 1 ለ 2 ላይ ቅንጣቶቹ ጥቂት ሻከር አሉ። 1 ለ 4 ላይ ግን ማዞር ከመጀመሬ ስላይዱ ላይ ጓሉ ሞላ። ጓሉ የታየበት የመጨረሻው ማቅጠኛ 1 ለ 64 ነበር። የኪቱን መነሻ 6 በ64 ስናባዛው 384 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። በዚያ ቀን ከመረመርኋቸው ልጆች ሁሉ ብግነቱ የበረታበት፣ እኔ «የለበትም» ያልሁት ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ለሥልጠና ተማሪዎች ደጋግሜ ስላስረዳሁት እዚህም ልዘርዝረው። አንድ አንቲቦዲ ሁለት ክንድ አለው። የሲአርፒው ሞለኪውል በአንድ በኩል የአንዱን ቅንጣት ክንድ፣ በሌላ በኩል የሌላውን ቅንጣት ክንድ ሲያስይዝ በመካከላቸው ድልድይ ይሆናል፤ ጓሉ የሚፈጠረው ከብዙ ሺህ እንዲህ ያሉ ድልድዮች ነው። በቀፊራ ገበያ ሁለት ተሸካሚዎች አንዱን ሣጥን በግራና በቀኝ ሲይዙት እርስ በርስ እንደሚተሳሰሩት ማለት ነው። ሣጥኑ ከተሸካሚው እጅግ ሲበዛ ግን እያንዳንዱ የየራሱን አቅፎ ይቆማል፤ ሁሉም እጅ ተይዟል፤ ማንም ከማንም ጋር አልተያያዘም። ሲአርፒው ሲትረፈረፍም የቅንጣቶቹ ክንዶች ሁሉ ይያዙና ድልድይ የሚሆን ነጻ ክንድ ስለማይገኝ ጠብታው እንደ ወተት ለስልሶ ይቀራል። ይህን ክስተት ባለሙያዎች የፕሮዞን ክስተት ይሉታል። በስንት ሚሊግራም ላይ እንደሚጀምር ከኪት ኪት ይለያያል። ኮንትሮሎቹ ያላስጠነቀቁኝም ለዚህ ነው፤ የፖዘቲቭ ኮንትሮሉ መጠን መካከለኛ ስለሆነ ሪኤጀንቱ (የላቴክሱ ፈሳሽ) መሥራቱን ይናገራል እንጂ የታማሚው ሴረም ከሪኤጀንቱ አቅም ማለፉን ሊናገር አይችልም። የኪቱን መመሪያ ገልጬ ሳነብብ ነገሩ በመጨረሻው ገጽ በሁለት መስመር ተጽፎ አገኘሁት። እኔ ከመመሪያው ያነበብሁት የአሠራሩን ገጽ ብቻ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ያንን ያልቀጠነ ሴረም እንደገና ሠርቼ በጥንቃቄ ሳየው ከዳሩ ደቃቅ ሻካራነት ነበረው። ምልክቱ ፊቴ ነበረ። ከሐሰት ፖዘቲቭ ለመጠበቅ ስል ያዳበርሁት ልማድ፣ ከሐሰት ኔጋቲቭ የሚጠብቀኝን ምልክት እንዳላይ አድርጎኛል።

በማግሥቱ ጠዋት ለጥናቱ ኃላፊ ሁሉንም እንደሆነ ነገርኋቸው። አልተቆጡም፤ የጠየቁኝ «ከጥናቱ መጀመሪያ ጀምሮ ያሉት ኔጋቲቮች ሴረማቸው አለ?» ብለው ነው። ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ፍሪዘር ውስጥ ነበሩ። ጋሼና እኔ ለአራት ቀን፣ በሙቀቱ ምክንያት ከማለዳው አንድ ሰዓት ተኩል ጀምረን፣ ኔጋቲቭ የተባለውን ሴረም ሁሉ ሳይቀጥንም 1 ለ 10 ቀጥኖም መረመርን። አብዛኛው በሁለቱም ኔጋቲቭ ሆኖ ጸና። ሌሎች ሁለት ልጆች ግን ሲቀጥኑ ፖዘቲቭ ሆኑ። በመዝገቡ ላይ የቀድሞውን ውጤት እንዲነበብ አድርገን በአንድ መስመር ሰርዘን፣ አዲሱን ከጎኑ ጽፈን፣ ቀኑንና ፊርማችንን አኖርንበት።

የሁለቱን ልጆች ካርድ ከመዝገብ ቤት ያወጣችልን ያችው ሲስተር ናት። የአንደኛው ልጅ መድኃኒት ምርመራው ከመታዘዙ በፊት ተጀምሮ ነበር። በሁለተኛው ካርድ ላይ ግን ተረኛው ሐኪም በማታ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ሲአርፒ ኔጋቲቭ፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቱ ይቆይ፤ ነገ ጠዋት እንደገና ይታይ።» መድኃኒቱ የተጀመረው በማግሥቱ ልጅቷ ስትብስ ነው፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ድና ወጥታለች። ሐኪሙን ፈልጌ ያን ማታ የደረሰው ወረቀት ስህተት እንደነበረና ስህተቱም የእኔ እንደነበር ነገርሁት። ካርዱን ተቀብሎ የራሱን ጽሕፈት ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያም የእርማቱን ወረቀት ከእጄ ወስዶ ከዚያው ገጽ ጋር አያያዘው።