ስምንት ወር ከሱቅ ሳንቲሞች ጋር

ሱቅ ውስጥ መልስ ጠፍቶ ማስቲካ ያልተቀበለ ሰው ያለ አይመስለኝም። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባለሱቆችም ዝርዝር ቸግሯቸው ነበር። እነሱ ግን የራሳቸውን ሳንቲም አሠሩ። እነዚህን ቶከኖች መሰብሰብ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ።

ያኔ ዋናው ገንዘብ የሚሠራው ከብር ማዕድን ነበር። የፔኒ ሩብ የሆነችው ፋርዚንግ ከብር ብትሠራ ከጣት መሃል ሾልካ የምትጠፋ ቅንጣት ትሆናለች። በንጉሡ ፈቃድ የሚወጡ የመዳብ ፋርዚንጎች ነበሩ፤ ቻርልስ አንደኛ እ.ኤ.አ. በ1649 ከተገደለ በኋላ እነሱም ቀሩ። ታዲያ አንዲት ሻማ የሚገዛ ሰው በምን ይክፈል? ባለሱቁ ስሙንና ሰፈሩን መዳብ ወይም ናስ ላይ አስቀርጾ ማደል ጀመረ። ከሰፈር ወጣ ካሉ አትሠራም፤ ዋስትናዋ የሰውየው ስም ብቻ ነው። ቻርልስ ሁለተኛ በ1672 የመዳብ ሳንቲም አውጥቶ እስኪያግዳቸው ድረስ ከ10,000 በላይ ዓይነት ወጥቷል።

የመጀመሪያዋን ቶከኔን አበላሽቻታለሁ። እቤት የናስ ትሪ በሎሚ ሲታሽ አይቼ ስላደግኩ እሷንም በሎሚ አሸኋት። ቡናማው ሽፋኗ ተላጦ ሮዝ ሆነች፤ ግማሹ ጽሑፍ አብሮ ሄደ። አሁንም ሳያት ያንገበግበኛል። እባካችሁ፣ የተጣራ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ጠብቁ፤ ሌላ ምንም አትንኩ።

ሁለተኛዋ ከትንሿ ጣቴ ጥፍር ብዙም አትሰፋም። በአንድ በኩል እንደ ሾጣጣ ቆብ የቆመ ስኳር አለ፤ ያኔ ስኳር የሚሸጠው በዚያ ቅርጽ ነበር። ማንበብ የማይችል ደንበኛም ሱቁን በምልክቱ ይለያል። በጀርባዋ ሦስት ፊደላት አሉ፦ ከላይ ደብሊው፣ ከታች አይ እና ኤም። ለሳምንታት የአንድ ሰው ስም እየመሰለኝ ስፈልግ ከረምኩ። ለካ የላይኛው የቤተሰብ ስም ነው፤ የታችኞቹ ደግሞ ባልና ሚስት ናቸው! አይ በጄ ቦታም ስለምትገባ ባልየው ጆን ወይም ጄምስ ሊሆን ይችላል። ኤም ሜሪ ትሁን ማርጋሬት፣ ሚስትየዋ ናት። ባንኮኒው ላይ አብራው ትሠራ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አለዚያማ ገንዘቡ ላይ ምን አስገባት?

ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በራሳቸው ስም ያወጡትም አለ። አሁን የምፈልገው ከእነዚያ አንዱን ነው። ያያችሁ ጠቁሙኝ፤ ሎሚ አላስነካትም።