ሁሉም ሰው ላይ ያለ ቫይረስ እንዴት የእኔ በሽታ መነሻ ይሆናል?

መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለብኝ ሲነገረኝ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ከየት መጣብኝ?» የሰውነቴ መከላከያ የገዛ ነርቮቼን ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ እያጠቃ መሆኑን ሐኪሜ አስረዱኝ። ለምን ተሳሳተ የሚለውን ራሴ ላጣራ ተነሳሁ።

አጀማመሬ ጥሩ አልነበረም። የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ከዚህ በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ባነበብኩ ማግስት ደሜን አስመረመርኩ። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ሳይ ወረቀቱ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። ቫይረሱ በምራቅ ይተላለፋል። በ19 ዓመቴ ትኩሳትና የአንገት እብጠት ሲጥለኝ ከእህቴ ጋር በአንድ ኩባያ እንጠጣ ነበርና ውጤቱን ስትሰማ «እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ» ብላ አለቀሰች። ሐኪሜ ግን ወረቀቱን አየት አድርገው መለሱልኝ፤ «እህትሽንም፣ እኔንም ብንመረምር የሚወጣው ይኸው ነው።» ከአዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ ቫይረሱን ይዘው ይኖራሉ።

ታዲያ እንዴት መነሻ ይሆናል? ነገሩ የገባኝ ቫይረሱ የሌለባቸውን ጥቂቶች የፈለገ ጥናት ሳነብ ነው። በ2022 የወጣው ይህ ጥናት ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃና ለዓመታት የተቀመጠ የደም ናሙና አገላብጧል። ኋላ ከታመሙት 801 ሰዎች መጀመሪያ ላይ ከቫይረሱ ነጻ የነበሩት 35 ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም 34ቱ በሽታው ሳይጀምራቸው በቫይረሱ ተይዘዋል። ከተያዙ በኋላ የመታመም ዕድሉ፣ ካልተያዙት ጋር ሲነጻጸር፣ 32 እጥፍ ያድጋል። እንደሱ በምራቅ የሚተላለፈው ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ ግን ዕድሉን አልጨመረም። ያሳመነኝ ይሄኛው ነው። ከዚያ ወዲህ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብዬ ሳልጠይቅ ቁጥር አልቀበልም።

በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች የስሕተቱን አንድ መንገድ አሳዩ። የቫይረሱ ፕሮቲን ቁራጭ በአንጎል ውስጥ ያለውን ግሊያልካም የተባለ ፕሮቲን ይመስላል፤ ቫይረሱን ሊይዝ የተሠራው አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ የራስን ፕሮቲንም ይይዛል። ይህ የታየው በከፊሎቹ ታማሚዎች ላይ ነው። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ ማጨስና የቫይታሚን ዲ ማነስም ድርሻ አላቸው።

ፀረ ቫይረስ ይታዘዝልኝ ብዬ ነበር፤ ይህን በሽታ እንደሚያክም አልተረጋገጠም ተባልኩ። አሁን የምወስደው ቢ ሴሎች የተባሉትን የመከላከያ ሴሎች የሚቀንስ መድኃኒት ነው። ቫይረሱ ተደብቆ የሚኖረውም እዚያው ሴሎች ውስጥ ነው።

ያን የ90 በመቶውን ነገር ለእህቴ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።